አስማቱ የሚሠራው ሌሊት ነው

ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም በምትባል ከተማ ያለው ዲዝኒላንድ ማታ የመጨረሻውን ጎብኚ ሸኝቶ በሩን ሲዘጋ ሌላ ሥራ ይጀመራል። ዋናው ጎዳና በውኃ ይታጠባል። ቀለም ቀቢዎች ቀን የልጆች እጅ የፋቀውን አጥር ያድሳሉ። አትክልተኞች የጠወለገውን አበባ ነቅለው ያበበውን ይተክላሉ። መካኒኮች ባትሪና የቡሎን መፍቻቸውን ይዘው ባቡሮቹ ሆድ ሥር ይገባሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት እየሮጠ የሚገባው ልጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። ግቢው ሁልጊዜም እንዲሁ አዲስ ሆኖ የሚኖር ይመስለዋል። አስማት የሚሉትም ይህንኑ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥገና ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጣ ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ። ልጄ ሎስ አንጀለስ ጠርታን፣ የልጅ ልጆቼን ይዘን ዲዝኒላንድ በገባን ቀን እነሱ ያዩትና እኔ ያየሁት አንድ አልነበረም። እነሱ ቤተ መንግሥቱንና አይጡን ያያሉ፤ እኔ የባቡሩን ጎማ፣ የብየዳውን መስመር፣ በአጥሩ ብረት ላይ ስንት ድርብ ቀለም እንዳለ አያለሁ። አንዱ አጥር ጋ ቆሜ በጥፍሬ ጫር ጫር ሳደርግ ልጄ አየችኝና፣ «አባዬ፣ ልትዝናና ነው የመጣኸው ወይስ ልትረከብ?» አለችኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል። «ልጄ ስትመጡ ዲዝኒ እወስዳችኋለሁ ብሎናል፤ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣቱ ይገባል?» ይላሉ። ቀጥለውም፣ «እንደ ድሮው አይደለም ይባላል» ይላሉ። እንደ ድሮው አይደለም የሚለውን ስለ ሁሉም ነገር ስለምንናገረው እኔ ቶሎ አላምነውም። ዲዝኒን በተመለከተ ግን ነገሩ የሽማግሌ ትዝታ ብቻ አይደለም። መቼ እንደላላ፣ ለምን እንደላላ፣ ማን ዋጋ እንደከፈለበት የተመዘገበ ታሪክ አለው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያለው ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ሐሳቡ የተጀመረው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ይባላል። ዋልት ዲዝኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ እየወሰደ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ያስቀምጣቸውና፣ እሱ ዳር ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላ ነበር። የልጆቹን ጫማና ሹራብ ታቅፎ ዥዋዥዌ ሥር የተቀመጠ አባት ሁሉ ያን ወንበር ያውቀዋል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም ብሎ አሰበ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የመዝናኛ ግቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቆሻሻና ሥርዓት የሌለው ቦታ ነበር። ባለቤቱ ሊሊያንም ይህንኑ እያነሳች ለምን እዚያ ውስጥ ትገባለህ ስትለው፣ የእኔ እንደዚያ አይሆንም ብሎ መለሰላት ይባላል።

ታዲያ «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚሉት የመክፈቻውን ቀን ቢያዩ ይገርማቸዋል። የብርቱካን እርሻ የነበረው መሬት በአንድ ዓመት ውስጥ ተገንብቶ፣ 17 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ እሑድ ጁላይ 17 ቀን 1955 በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ተከፈተ። ቀኑ እሳት የሚወርድበት ነበር፤ 38 ዲግሪ ገደማ። በሐሰተኛ ትኬት የገባው ሰው ብዛት ግቢውን አጨናነቀው። ገና ያልደረቀው አስፋልት ለስልሶ የሴቶቹ ጫማ ተረከዝ እየሰመጠ ቀረ። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ መትተው ስለነበር ከመጠጥ ውኃና ከመጸዳጃ ቤት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነና ዋልት መጸዳጃ ቤቱን መረጠ። የግቢው ሰዎች ራሳቸው ያን ቀን «ጥቁሩ እሑድ» ብለው ነው የሚጠሩት።

ስለዚህ አስማቱ ከሰማይ አልወረደም፤ በመክፈቻው ቀንም አልነበረም። የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በየቀኑ በሚደረግ ሥራ ነው። ቻክ ቦያጂያን የሚባል ሰው የጽዳት ክፍሉን ከመክፈቻው ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ መራው። ነጭ በነጭ የለበሱ ጠራጊዎች መጥረጊያና የቆሻሻ ማፈሻ ይዘው በሰው መሃል ይዞራሉ፤ የወደቀ ወረቀት ብዙ አይቆይም። ማስቲካ በግቢው ውስጥ አይሸጥም፤ ምክንያቱን ወንበር ሥር እጁን የሰደደ ሁሉ ያውቃል። የቆሻሻ መጣያዎቹ የተቀራረቡት ሰው በእጁ የያዘውን ሳይሰለች የሚጥልበት እንዲያገኝ ነው። በዋናው ጎዳና ላይ በሰልፍ የተደረደሩት አምፖሎች ደግሞ እስኪቃጠሉ አይጠበቁም፤ ዕድሜያቸው ሊያልቅ ሲቃረብ ይለወጣሉ ይባላል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያቆመኝ የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ነው። ከግቢው ይልቅ ያረጀ ነው፤ በ1922 ተሠርቶ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሲያገለግል ቆይቶ ነው የተገዛው። ፈረሶቹ 68 ናቸው። እንጨት ነው፤ የልጅ እግር የሚረግጠው፣ የልጅ እጅ የሚጨብጠው፣ ላብና አይስክሬም የሚፈስበት እንጨት። አንድ መቶ ዓመት ቆሟል። የልጅ ልጄ ነጩን ፈረስ አቅፋ ስትዞር እኔ የማስበው ስንት ቀለም ቀቢ ስንት ሌሊት ያንን አንገት እንዳሸው ነበር። እንጨት በራሱ መቶ ዓመት አይኖርም።

አሁን ወደ ከፋው ክፍል ልግባ።

በሙያችን ሁለት ዓይነት ጥገና አለ። አንደኛው ሳይበላሽ የሚደረግ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው። ቡሎኑ ሳይላላ ታጠብቀዋለህ፤ ኩሽኔታው ሳይጮህ ትለውጠዋለህ። ሁለተኛው ከተበላሸ በኋላ መሮጥ ነው። በሒሳብ ሹም ዓይን የመጀመሪያው ሁልጊዜ ብክነት ይመስላል፤ «እየሠራ ያለውን ዕቃ ለምን ትለውጣላችሁ?» ይባላል። እኔ በሠራሁበት አንድ ድርጅት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ የግራሶና የመለዋወጫ በጀቱን በግማሽ ቆረጠው። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልሆነም። በሁለተኛውም ምንም አልሆነም፤ ሰውየው እንዲያውም ተሸለመ። በሦስተኛው ዓመት የትልቁ ማሽን ዘንግ ለሁለት ተሰበረ። ያን ጊዜ እሱ ሌላ ቦታ ተሹሞ ሄዷል። የጥገና ቁጠባ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ትርፉ ዛሬ ይታያል፣ ዕዳው የሚመጣው ቆጣቢው ከሄደ በኋላ ነው።

ዲዝኒም በ1990ዎቹ ይኸው ደረሰበት። ፓሪስ አጠገብ በ1992 የተከፈተው ግቢ ኪሳራ አስከተለ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ፍራንክ ዌልስ በ1994 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። በዚያው ሰሞን የአናሃይሙን ግቢ እንዲመራ የተሾመው ፖል ፕሬስለር የመጣው የኩባንያውን የአሻንጉሊትና የልብስ ሱቆች ከሚያስተዳድር ክፍል ነበር። ሱቅ መምራት ክብር ያለው ሥራ ነው፤ እኔ የምለው ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያረጅ በቅናሽ ይሸጣል፣ ባቡር ሲያረጅ ግን ሰው ይሳፈርበታል ነው። በ1997 ኩባንያው የአማካሪ ምክር ተቀብሎ የጥገናውን አሠራር ቀየረ። በየሌሊቱ ሁሉን ከመፈተሽ ይልቅ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚበላሽ በስሌት እያዩ መጠገን የሚል ነው። ይህ ስሌት በራሱ መጥፎ አይደለም፤ አውሮፕላንም በእንዲህ ያለ መንገድ ይጠገናል። ጥያቄው ስሌቱ ለጥራት ነው ወይስ ሠራተኛ ለመቀነስ የሚለው ነው። በጊዜው የነበሩ መካኒኮች ለጋዜጦች እንደተናገሩት ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለቀው ሄዱ። ኩባንያው ግን በደኅንነት ላይ አልቆጠብኩም ነበር የሚለው።

መጀመሪያ የታየው ትንሽ ትንሹ ነው። የተላጠ ቀለም፣ የሞተ አምፖል፣ በር ተዘግቶባቸው የቀሩ መጫወቻዎች። በከፍታ ላይ ባለ መንገድ ሰውን ቀስ ብሎ የሚያዞረው ፒፕልሙቨር በ1995 ተዘጋ። በዚያው መንገድ ላይ በ1998 ፈጣን መኪና እንዲሄድበት ተደረገ። መኪና ኩርባ ላይ ሳይፈራ እንዲዞር መንገዱ ወደ ውስጥ ዘንበል ማለት አለበት፤ ለዚያ ግን ገንዘብ አልወጣም። ስለዚህ ፈጣን የተባለው መኪና ኩርባ በደረሰ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፤ ቀጥ ያለው ጋ ይፈተለካል፤ እንደገና ፍሬን። ጎማውም ሞተሩም መንገዱም አልቻለውም። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሠርቶ ቆመ። ባዶው መንገድ ዛሬም ከጎብኚው ራስ በላይ ቆሞ ይታያል። የልጅ ልጄ «ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠይቃኛለች።

እስከዚህ ድረስ የጠፋው ደስታ ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 1998፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ የጠፋው የሰው ሕይወት ሆነ። ኮሎምቢያ የተባለችው መርከብ ወደ መቆሚያዋ ስትጠጋ ከሚገባው በላይ ፈጥና ነበር። ገመድ የያዘችው የግቢው ሠራተኛ ለዚያ ሥራ በቂ ሥልጠና አልተሰጣትም። ገመዱ ተወጥሮ፣ ሲብስበት እንደመበጠስ ከመርከቧ ላይ የታሰረበትን ከባድ ብረት ነቅሎ ወደ ሰልፈኛው ወረወረው። በሰልፍ ላይ የነበረ አንድ አባወራ ሞተ፤ ባለቤቱና ሠራተኛዋ ክፉኛ ቆሰሉ። የግዛቲቱ መንግሥት ኩባንያውን 12,500 ዶላር ቀጣ። አኃዙን ደግማችሁ አንብቡት፤ አልተሳሳትኩም። ከዚያ አደጋ በኋላ ግን አንድ ቁም ነገር መጣ። እስከዚያ ድረስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ መጫወቻዎች በመንግሥት ሲፈተሹ እንደ ዲዝኒላንድ ያሉ ቋሚ ግቢዎች ግን አይፈተሹም ነበር። በ1999 በወጣ ሕግ እነሱም እንዲፈተሹና አደጋ ሲደርስ እንዲያሳውቁ ተገደዱ።

ሁለተኛው ሞት ሴፕቴምበር 5 ቀን 2003 ነው። ቢግ ተንደር የሚባለው፣ በድንጋያማ ተራራ መካከል ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው ባቡር፣ ከፊቱ ያለው ሞተር መሳዩ ክፍል አንድ ጎማው ወልቆ ዋሻ ውስጥ ከተከታዩ ጋሪ ጋር ተላተመ። የ22 ዓመት ወጣት ሞተ፣ 10 ሰዎች ቆሰሉ። የመንግሥት መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት ለእኛ ለጥገና ሰዎች አጥንት የሚሰብር ነው፤ ጎማውን የሚይዙት ቡሎኖች እንደሚገባው አልጠበቁም። መርማሪዎቹ ሌላም ነገር አገኙ። ሠራተኞቹ ያ ባቡር እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ ሰምተው ነበር፤ ያንን ዙር ይጨርስና እናወጣዋለን ብለው አስበው ነበር።

ያንን ዙር ይጨርስ። እኔም በሥራ ዘመኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! «ፈረቃው ይለቅና»፣ «ትእዛዙ ይድረስና»፣ «በዓሉ ይለፍና»። ድምፅ ያሰማ ማሽን ግን በዓል አያውቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን ማንሳት እፈልጋለሁ። ነገሩ ተቃንቷል። ፕሬስለር በ2002 ሌላ ኩባንያ ሄዶ ነበር። በ2003 መጨረሻ ገደማ ማት ዊመት የሚባል፣ የኩባንያውን የመዝናኛ መርከቦች ሲመራ የነበረ ሰው ተሾመ። የግቢው 50ኛ ዓመት ሊከበር ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም። የተላጠው ተቀባ፤ ቤተ መንግሥቱ ታደሰ። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው በጨለማ የሚሄድ ባቡር ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ሐዲዱ ከሥሩ ተነቅሎ በአዲስ ተተካና በጁላይ 2005 ተከፈተ። የተዘጉት ሰርጓጅ መርከቦችም በ2007 ተመለሱ። አጠገቡ በ2001 በቁጠባ የተሠራውን ሁለተኛ ግቢ ለማስተካከል ደግሞ ኩባንያው 1.1 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ሥራው እስከ 2012 ቆየ። መጀመሪያ የተቆጠበው ገንዘብ ስንት እጥፍ ሆኖ እንደወጣ አስቡት።

ስለዚህ «ድሮ» የሚባለው አንድ ወጥ ዘመን አይደለም። መጥፎ የመክፈቻ ቀን፣ ከዚያ ረጅም ጥሩ ዘመን፣ ከዚያ መላላት፣ ከዚያ መቃናት ነው። ዛሬስ?

ዛሬ ላይ ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ጥገናው ነው። ፍሎሪዳ ባለው ግቢ በ2006 የተከፈተ የኤቨረስት ባቡር አለ። መጨረሻው ላይ ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝም የቲ የሚባል የበረዶ ጭራቅ እጁን ሰንዝሮ ተሳፋሪውን ሊይዝ ይወረወር ነበር። ጥቂት ወራት ሠርቶ ቆመ። ፊቱ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረጉ የሚንቀሳቀስ አስመሰሉት፤ ሰውም «ዲስኮ የቲ» ብሎ ሰየመው። የነደፈው ጆ ሮዲ ሥራውን እስኪለቅ ድረስ ስለዚሁ ጭራቅ ሲጠየቅ ኖረ። ማሽኑ ግዙፍ ነው፤ ሕንፃው ያለቀው በላዩ ላይ ነው፤ ለመጠገን ከባድ ነው ይል ነበር። እኔ ይህን ሳነብ የሳቅኩት በምሬት ነው። መጠገኛ መግቢያ ሳይተውለት የተገጠመ ማሽን በእኛም አገር ስንት አለ! የሕንፃው ግድግዳ ካልፈረሰ የማይወጣ የውኃ ፓምፕ አውቃለሁ።

በኤፕሪል 2023 ደግሞ አናሃይም ውስጥ በሌሊት ትርዒት ላይ እሳት የሚተፋው ሰው ሠራሽ ዘንዶ ራሱ ተቃጠለ። ጎብኚዎች ላይ ጉዳት ሳይደርስ ታለፈ፤ ትርዒቱ ግን አንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። ከዚያ በፊት በኮሮና ምክንያት ግቢው ከማርች 2020 እስከ ኤፕሪል 2021 መጨረሻ ተዘግቶ ነበር፤ ኩባንያው በመዝናኛ ዘርፉ ካሉት ሠራተኞች 28,000 ያህሉን እንደሚቀንስ በዚያው ዓመት አስታወቀ። ከተቀነሱት ስንቱ የጥገና ሰው እንደነበር ባይነገርም፣ ሃያ ዓመት አንድ ማሽን የጠበቀ ሰው ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ነገር በመመሪያ መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

ሌላው ቅሬታ ገንዘቡ ነው። በ1955 የመግቢያው ዋጋ ለአዋቂ 1 ዶላር ነበር፤ መጫወቻዎቹ በተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። በ2024 መጨረሻ በተጨናነቁ ቀናት የአንድ ቀን ትኬት ከ200 ዶላር አልፏል። ዕድሜው ከሦስት በታች የሆነ ልጅ ብቻ በነፃ ይገባል። በ1999 የተጀመረ፣ ሰልፍ ሳይቆሙ በተቀጠሩበት ሰዓት የሚገቡበት ነፃ ወረቀት ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ያ በገንዘብ ሆነ። ይህ ለእኔ ከተላጠ ቀለም ይብሳል። ዋልት ባሰበው ግቢ ውስጥ ወላጆች ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ ነበሩ። አሁን ልጅሽ ቆማ፣ ሌላ ልጅ አጠገቧ አልፎ ሲገባ «እነሱ ለምን?» ብላ ትጠይቅሻለች። ያንን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት የወላጅ ዕዳ ሆኗል።

ኩባንያው በ2023 በአሥር ዓመት ውስጥ ለግቢዎቹና ለመርከቦቹ 60 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተናግሯል። አዲስ ነገር ይሠራል ማለት ነው። አዲስ ነገር ሪባን ይቆረጥለታል፤ ቡሎን ስለጠበቀ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም። ከ60 ቢሊዮኑ ስንቱ ለሌሊቱ ሠራተኛ ይደርሳል የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ለጎረቤቶቼ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ ሂዱ የሚል ነው። ግን እያወቃችሁ ሂዱ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ልጆቻችሁ የትኞቹ መጫወቻዎች ለጥገና እንደተዘጉ ያጣሩ፤ ኩባንያው አስቀድሞ ያስታውቃል። እዚያ ደርሳችሁ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል አጥር ብታገኙና ልጁ ቢያለቅስ እናንተ አትከፉ። እኔ እንዲያውም ያን ጽሑፍ ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ እየሠራ ነው ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ለዓመታት ሳይዘጋ የሚሠራው ነው።

ጉልበታችሁ ከደከመ ተሽከርካሪ ወንበር በኪራይ አለ፤ አትፈሩ፣ ማንም አያፍርባችሁም። ቀኑን ሙሉ የእግር መንገድ ነው፤ እኔ ማታ እግሬን በሞቀ ውኃ ነክሬ ነው የተኛሁት። ትንሽ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ አንዱ ልጁን ይዞ ሲቆይ ሌላው ገብቶ ሲወጣ፣ የቀረው እንደገና ሳይሰለፍ የሚገባበት አሠራር ስላለ ለሠራተኞቹ ይንገሩ። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ጠርሙስና የአልኮል መጠጥ ግን ይከለከላል። ባለቤቴ ጾመኛ ስለነበረች ሽሮዋን በፕላስቲክ ዕቃ፣ ዳቦ ቆሎዋን በከረጢት ይዛ ነው የገባችው። የልጅ ልጆቼ ጓደኞች ዳቦ ቆሎውን ጨረሱባት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን አሜሪካ ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። በእኛም ከተሞች የሚሽከረከር ወንበርና ትንንሽ ባቡር ያላቸው መጫወቻ ቦታዎች በርክተዋል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነው። ወላጅ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም። ቆም ብሎ አንድ ዙር ማየት ግን ይችላል። ዝገቱ ላይ በላዩ የተቀባ ቀለም አለ? ወንበሩ ሲዞር የብረት ጩኸት ወይም ኳኳታ ይሰማል? የሚያንቀሳቅሰው ልጅ የእያንዳንዱን ሕፃን መያዣ ብረት በእጁ ሳብ አድርጎ ያያል ወይስ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው? ጠዋት ሰው ሳይሳፈር ባዶውን አዙሮት ያውቃል? ይህን ለመጠየቅ ትንሽ ድፍረት ይበቃል፤ ያ ደግሞ እኛ ሽበት ያለን ሰዎች አናጣውም። አባባ ወይም እማማ ተብለን ስለምንጠራ ብንጠይቅም ማንም አይቆጣንም።

ባለፈው መስቀል ሰሞን ትንሹን የልጅ ልጄን አንድ መጫወቻ ቦታ ወስጄው ነበር። ሰልፍ ላይ ቆመን እያለ የአንዱ ወንበር መያዣ ፒን ጠፍቶ በሽቦ እንደታሰረ አየሁ። ሠራተኛውን ጠራሁትና አሳየሁት። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ «አባባ፣ ሽቦው ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም» አለኝ። «ልጄ፣ ሽቦ ለአጥር ነው» አልኩት። ሰልፉን ለቀን ወጣን። ልጁ አለቀሰ፤ ኋላዬ የቆመች አንዲት እናትም «ምነው አባት፣ ልጁን ባያስለቅሱት» አለችኝ። ወንበሩን በጣቴ አሳየኋት። ዝም ብላ ትንሽ አየችና የልጇን እጅ ይዛ ከኋላዬ ወጣች። ከዚያም ሌላ አንድ አባት ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሳልፍ ልጁ ከሩቅ አየኝና ጮኾ ጠራኝ። «አባባ! ተቀይሯል፣ ይምጡና ይዩት!» ሄጄ አየሁት። አዲስ ፒን ነው፤ ጫፉ ላይ መቆለፊያውም አለ። በአጠገቡ ያለው ወንበር ፒን ግን አርጅቶ ተበልቷል። እሱንም አሳየሁት፤ ቁጥሩን በእጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው።